ስሞታ የሌለባት ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ክፍሌን የተረከበው ወጣት አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ጨዋ ነው፤ "ሲስተር የሺ፣ እንዴት ዋሉ?" ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። ባለፈው ሰሞን የደወለው የልጆች ባህሪና ስሜት መመዘኛ ቅጹ ከወረቀት ወጥቶ ስልክ ላይ መጫኑን ሊያበስረኝ ነበር። ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ መልሱን ይነካል፣ ድምሩ በራሱ ይወጣል፣ ልጁ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ይበራል። "ድካም ቀረ እኮ ሲስተር!" አለኝ። እሰየው አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ፤ ባለቤቴ ምሳውን ብቻውን በላ። ሥራው እኮ ያ ድካም ነበር። ይህን ለወጣቱ በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው አሁን የምጽፈው።

የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ጋሞ ምድር ያመጣኝ የባለቤቴ የመምህርነት ምደባ ነበር። ትንሽ ታግሰን እንዛወራለን ተባብለን መጣን፤ ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ተዳሩ። መጀመሪያ የሠራሁት ምዕራብ ዓባያ ጤና ጣቢያ ነው። ወባ፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ ሲመሽ ደግሞ ትንኝ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና ሲመጣ ማንም እጁን አላወጣም። ኃላፊዬ "አንቺ ትዕግሥት የለሽም፣ እዚያ ትማሪዋለሽ" ብሎ እኔን ላከኝ። ስመለስ ደመወዜ ላይ የተጨመረ ነገር አልነበረም፤ ስሜ ላይ ግን "የዕብዶቹ ሲስተር" የሚል ተጨመረልኝ።

ከዚያ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተዛወርኩና ከሲስተር አማረች ጋር ተገናኘሁ። አለቃዬ ነበረች። የጨንቻ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያ ሠርታ፣ በገዛ ፈቃዷ ወደ አገሯ የተመለሰች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ቀልዷ የሚቆነጥጥ ሴት ነበረች። የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስታስተምረኝም አንድም ቀን አላሞካሸችኝም።

ቅጹን ለማያውቅ ልንገር። ስለ አንድ ልጅ አጫጭር አረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ይቁነጠነጣል፣ ይዋሻል፣ ቶሎ ያለቅሳል፣ ከልጆች ጋር ይጣላል፣ ታላላቆቹን ይታዘዛል። ልጁን የሚያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ "ልክ አይደለም"፣ "በመጠኑ"፣ ወይም "በእርግጥ ልክ ነው" ብሎ ይመልሳል። መልሶቹ ይደመራሉ። ድምሩ ከተቀመጠው መስመር በላይ ከሆነ ልጁ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ በታች ከሆነ ደህና ነው ይባላል። አንዱን ቅጽ አሳዳጊ፣ ሌላውን መምህር ይሞላል። ልጁ ስለ ራሱ እንዲሞላ የሚፈቀድለት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ስለ ራሱ የሚለው ነገር አይቆጠርም።

ሲስተር አማረች ቅጹን ለማንም በእጁ አትሰጥም ነበር። ራሷ ታነባለች፤ ለጋሞው በጋሞኛ፣ ለወላይታው በወላይትኛ፣ እንደኔ ላለው በአማርኛ። መልስ ሲሰጣት አትጽፍም። እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና "እስቲ አንድ ቀን ንገሪኝ" ትላለች። ይዋሻል ላለቻት "ምን ብሎ ዋሸሽ?" አይዋሽም ላለቻት ደግሞ "እንዴት አወቅሽ?" የሆነ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ነገር ካልተነገራት ምልክት አታደርግም። የአንድ ልጅ ቅጽ እስከ ምሳ ሰዓት ይፈጅባታል። እኔ ስቸኩል ቀና ብላ ታየኝና "የሺ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነው?" ትለኛለች።

ሌላም ልማድ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭነው ከሚመጡት ጋሪዎች ትገዛለች። ለሚመዘነው ልጅ ሁለት ሙዝ ታስይዘውና ምንም ሳትል ታየዋለች። አንዱን በልቶ አንዱን ኪሱ የሚከት አለ። ሁለቱንም አፉ ውስጥ የሚጠቀጥቅ አለ። ለእናቱ የሚሰጥ አለ። ልጣጩን የሚወረውርባትም ነበር። ሲወረውርባት ደስ ይላታል፤ "ይሄ የሚተማመንበት ሰው አለው" ትላለች።

አንድ ነገር ደጋግማ ነግራኛለች። በዚህ አገር እናት የወለደችውን ልጅ በሰው ፊት አታመሰግንም፤ ዓይን ያርፍበታል ብላ ትፈራለች። "ይሄ? ይሄማ ሰይጣን ነው፣ ደሜን አፈላው!" ትላለች፤ እጇ ግን ኮሌታውን ያስተካክላል። የዘመድ ልጅ የምታሳድግ ሴት ደግሞ ስሞታ ብታሰማ ዘመድ ይቀየማል፤ ስለዚህ ታመሰግናለች። በዚህ የተነሳ ቅጹ ተገልብጦ ይመጣል። እናቱ ጉያ ያለው ልጅ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ በሰው ቤት ያለው ከመስመሩ በታች ይቀራል። ሲስተር አማረች "እኔን የሚያስፈራኝ ስሞታ የሌለበት ልጅ ነው" ትል ነበር።

ያሳቀን ጊዜም አልጠፋም። ጫሞ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ሄደን፣ ነጥቡ ከፍ ላለ ልጅ ዱቄት ይታደላል የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ሰይጣን ሆነ። አንድ አባት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ሲስተር፣ ይሄ ልጅ አይደለም፣ አዞ ነው!" አለ። አዞው አውራ ጣቱን እየጠባ ጭኑ ላይ ተኝቷል። ዱቄት እንደሌለ ነገርናቸውና ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርን። ከዚያ በኋላ ስለ አንዳንዶቹ የሰማነው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አሁን ወደ መሠረት ልምጣ፤ ስሸሻት ነው እስከዚህ የደረስኩት።

ከወላጆቻቸው ርቀው በዘመድ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎችን የሚረዳ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ነበር። አስተባባሪው አቶ ኤርሚያስ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር ያምናል እንጂ። እኛ ልጆቹን እንመዝናለን፤ ከመስመሩ በላይ ለሆነው እሱ የቤት ክትትል ያዛል፣ አስፈላጊ ከሆነም ልጁን ከዚያ ቤት የሚያወጣ ኮሚቴ ይጠራል። መሠረት ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር አምጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም ቤት አስቀምጠዋታል። የአጎቷ ሚስት ወይዘሮ አበበች መናኸሪያው አጠገብ ሳምቡሳና ብስኩት ትጠብሳለች።

"ታስቸግራለች?" አለች ሲስተር አማረች።

"ኧረ እቴ! እሷ? ድምፅዋንም ሰምተን አናውቅ።"

"እስቲ ያዘነችበትን አንድ ቀን ንገሪኝ።"

ወይዘሮ አበበች ብዙ አሰበች። "አላየሁም።"

"የተደሰተችበትስ?"

"እሱንም አላየሁም። ሥራ ግን ጎበዝ ናት፤ ዘይቱን ከኔ ቀድማ ትጥዳለች።"

መምህርቷም ያው ነበረች። "ክፍሉ ሁሉ እንደሷ ቢሆንልኝ በምን ዕድሌ!" ብላ፣ ቶሎ ያለቅሳል የሚለው ላይ ስትደርስ እንደ መኩራት ብላ "አንድም ቀን" አለች። ድምሩን ስንሠራ ዜሮ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው።

መሠረትን አስገባናት። ሲስተር አማረች ሁለቱን ሙዝ ሰጠቻት። ልጅቷ ሁለቱንም ላጠች። አንዱን ለሲስተር አማረች፣ አንዱን ለእኔ፣ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ አቀረበችልን። ልጣጩን አጣጥፋ ቅርጫት ፈልጋ ጣለች። ተመልሳ ግድግዳው ሥር ቆመች። ተቀመጪ አልናት፤ ተቀመጠች። ሲስተር አማረች ወጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

አቶ ኤርሚያስ ዘንድ ሄድን። ይህች ልጅ ክትትል ያስፈልጋታል፣ ቤቱ ይታይልን አልነው። ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ።

"ሲስተር፣ ከመስመሩ በላይ የሆኑትን መች አዳረስኩና? ችግር የለባትም የተባለች ልጅ ላይ ምን ብዬ ሰው ልመድብ?"

"ችግሯ እኮ እሱ ነው" አለች ሲስተር አማረች።

"እሱን የሚያሳይ ቁጥር አምጡልኝ። እናትዋ ትሙላው።"

እናትዋን አስጠራን። ዘነበች ትባላለች። ከጨንቻ በአውቶቡስ ወረደች፤ የደጋ ልብሷን እንደለበሰች፣ ላቧ እየተንቆረቆረ፣ ታናሿን ሂሩትን ቀሚሷ ላይ አስይዛ። መሠረትን ካየቻት ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። መሠረት እናትዋ ስትገባ ብድግ አለች። አልሮጠችም። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችና "ይቀመጡ" አለቻት።

ዘነበች አልተቀመጠችም። በአማርኛዋ ወንድና ሴት ይቀላቀልባታል፤ ያን ቀን ደግሞ ይባስ ብሎ ነበር። "ይሄ የኔ ልጅ አይደለም" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ሲስተር፣ የኔ ልጅ ምላሱ ይሄን ያህላል! ቆጮ ይሰርቃል፣ ድንጋይ ይወረውራል! የአባቱን የሽመና ክር አበላሽቶ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ና ስለው እዚያ ላይ ሆኖ ይሰድበኛል! ምን አደረጋችሁት?"

ሲስተር አማረች በጋሞኛ ቅጹን አነበበችላት። ዘነበች ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀን ነበራት፣ ቦታ ነበራት፣ ታሪክ ነበራት። እንደዚያ ያለ ስሞታ በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም፤ እየከሰሰቻት ፀጉሯን ትዳብሳለች። ድምሩ ከመስመሩ በላይ በጣም ወጣ። መሠረት ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ መሬት መሬት ታያለች።

አቶ ኤርሚያስ ቅጹን መለሰልን። ጥያቄው ያለፉትን ስድስት ወራት ነው የሚለው፤ እናትዋ ደግሞ ስድስት ወር አብራት አልኖረችም። ሕጉ ያው ነው። ሲስተር አማረች ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ዘነበች ልጇን ይዛ ልትሄድ ብትል፣ ልጅቷን የሰጠው ባሏ ነው፣ የተቀበላት ደግሞ የባሏ ታላቅ ነው፤ የታላቅን ቃል ማጠፍ በቤታቸው የሚታሰብ አልነበረም። ሂሩትን ይዛ ወደ ተራራው ተመለሰች። መሠረት ወደ ሲቀላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። አንድ ጠዋት የፈላ ዘይት ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ። አልጮኸችም። በጨርቅ ጠቅልላ ሳምቡሳውን ጨርሳ ትምህርት ቤት ሄደች። በማግስቱም ሄደች፣ ከዚያም በኋላ ሄደች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ በግራዋ ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ሲበላሽ መምህርቷ ሰነፈች ብላ አሰበች። የታወቀው የቁስሉ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ነው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲስቁባት እንኳ ከቦታዋ አልተነሳችም።

መምህርቷ እያለቀሰች ይዛት መጣች። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቿን ማዳን አልቻለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲስተር አማረች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "አልቅሺ" አለቻት። "እዚህ ማንም የለም፣ አልቅሺ።" ልጅቷ በፍርሃት አየቻት። "ምን አጠፋሁ?" አለች። እኔ ወጣሁ። መስኮት ላይ ቆሜ የሴቻን ሰፈር ሙሉ በልቤ ስረግም ቆየሁ፤ ያን ቅጽ የሠራውን፣ የሞላውን፣ የደመረውን፣ ማንንም አላስቀረሁም።

ዘነበች በማግስቱ ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ አጎትየው "ከኔ ፈቃድ ውጪ አትወስጃትም" ሲላት ሁለት ጫማዎቿን አውልቃ ወረወረችበት። በባዶ እግሯ ቆማ እዚህ የማልጽፈውን ሁሉ አለችው፤ ነርሱም አስታማሚውም ከየክፍሉ ወጥቶ ይሰማል። የታላቅ ቃል በዚያ ቀን ታጠፈ። የእጇ ቁስል ሲደርቅ መሠረትን ወደ መንደሯ ወሰደቻት።

ለክትትል በየወሩ ገደማ ይወርዱ ነበር፤ እናት፣ መሠረት፣ ሂሩት። ዘነበች ሁሌም የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ሲስተር፣ መድኃኒት ስጪኝ። እንደ ድሮው ያስቸግረኝ።"

"እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም ዘነበች።"

"ዝም ለሚያስብል አለሽ፣ ለሚያስለፈልፍ የለሽም?"

እንዴት እንደምታጫውታት፣ ስታጠፋ እንዳትቆጣት፣ ከሁሉም በኋላ ሳይሆን ከሁሉም ጋር እንድትበላ እንድታደርጋት ነገርኳት። ቀላል አልነበረም። መሠረት በራሷ ቤት እንደ እንግዳ ሠራተኛ ትኖር ነበር፤ ሳይነጋ ትነሳለች፣ ሳትጠራ ትመጣለች። ሲስተር አማረች በዚህ መሃል ጡረታ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ቀብሯ ላይ የመዘነቻቸው ልጆች ትልልቅ ሆነው መጥተው ነበር።

ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንድ ቀን መሠረት የሰጠኋትን ሙዝ አየችና "ይሄ በጣም በስሏል፤ አልወድም" አለችኝ። ዘነበች አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሌላ ልፈልግ ብዬ ወጣሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ እያለ። ሂሩት ጥግ ላይ ተቀምጣ የራሷን በልታ ልጣጩን ቅርጫት ውስጥ ጣለች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዘነበች ስልክ ደወለችልኝ። እየጮኸች ነበር፤ መጀመሪያ የሰው ሞት መስሎኝ ደነገጥኩ። ባሏ መሠረትን አዲስ አበባ ለሕፃን ያዥነት ሊሰጣት ከደላላ ጋር ተስማምቶ ነበር አሉ፤ ሁለት ጣት ማጣት ሕፃን ከመያዝ አይከለክልም ብሎ። ደላላው መኪና ይዞ በራፍ ድረስ መጣ። መሠረት የበሩን መቃን አቅፋ ጮኸች። እጇን ሊያላቅቅ ሲል ነከሰችው። ሸማኔው ሁሉ ከየሽመና ጉድጓዱ ወጥቶ መጣ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ደላላው ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ።

"ሲስተር፣ ነከሰው! ደም በደም አደረገው!" ትላለች ዘነበች። አብሬያት አለቀስኩ። ያን ቀን ባለቤቴ ጥሩ ምሳ በላ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዘነበችን ቤቴ በር ላይ አገኘኋት። አልጮኸችም፤ እንዴት እንደመጣች እንኳ አልነገረችኝም። እሷ ገበያ፣ መሠረት ትምህርት ቤት በሄዱበት ደላላው ተመልሶ መጥቶ፣ ባሏ ሂሩትን ሰጥቶታል። ጎረቤት እንደሚለው ሂሩት አልታገለችም። ፊቷን ታጥባ፣ ልብሷን ራሷ አጥፋ፣ አባቷን ስማ መኪና ላይ ወጣች። ማንም ጩኸት ስላልሰማ ማንም አልወጣም።

ይዣት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለን ወጣት ትሁት ልጅ ነበር፤ ወንበር ሰጠን። ስም ጠየቀ፣ ዕድሜ ጠየቀ፣ የለበሰችውን ጠየቀ። ዘነበች መለሰች። የደላላውን ስም ግን አታውቀውም፤ መኪናው ነጭ ነው ከማለት በቀር።

"ለሚፈልጓት ሰዎች እንዲረዳ ነው" አለ ፖሊሱ። "ልጅቷ ባህሪዋ እንዴት ነው? ትናገራለች? ታስቸግራለች? ከሌሎች በምን ትለያለች?"

ዘነበች ልትናገር አፏን ከፈተች። ስለ መሠረት ቢሆን እስኪመሽ አታቆምም ነበር። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም የምለው ፈለግሁ። በየወሩ ክፍሌ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አሰብኳት፤ ልጣጯን በሥርዓት ከመጣሏ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ዘነበች ብዙ አሰበች።

"ጥሩ ልጅ ነው" አለች በመጨረሻ። "አያስቸግርም።"